የአፍንጫ ቀዶ ሕክምናን ስለማቀድ፦ ለስምንቱ «ቀላል ምክሮች» የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የሰነበተ ጽሑፍ አለ። አፍንጫቸውን በቀዶ ሕክምና ማሳመር ለሚፈልጉ ኢትዮጵያውያን፣ በተለይም ከዐረብ አገርና ከአውሮፓ ተነሥተው ኢስታንቡል ለመሄድ ለሚያስቡ፣ ስምንት «ቀላል ምክሮች» ይለግሳል። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ የወደዱትን አፍንጫ ፎቶ ይዘው ይሂዱ፤ ውበት ልኬት ስላለው ሐኪሙ በልኬቱ ይሥራ፤ አፍንጫ በተቀነሰ ቁጥር ያምራል፤ ሰፊ ቀዳዳ በ20 ደቂቃ ይጠባል፤ ለደፍጣጣ አፍንጫ ሲሊከን ይበቃል፤ ያመነታ ሰው በፊለር፣ ማለትም ከቆዳ ሥር በመርፌ በሚገባ መሙያ፣ ይሞክር፤ አተነፋፈስ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ውጤቱ በሳምንቱ ፕላስተሩ ሲነሣ ይታያል፣ ያልተስማማውም በ3 ወሩ ያስተካክላል።

በሁለት ነገር ከአዘጋጁ ጋር እንስማማለን። አፍንጫን ማሳመር መፈለግን እንደ ነውር ከሚያይ ሐሜት አንባቢውን ለማላቀቅ መሞከሩ ደግ ነው። በሁለቱ ቀዳዳዎች መካከል ባለው ቆዳ ላይ የሚቀረው ጠባሳ በወጉ ከተሰፋ ከወራት በኋላ እምብዛም አይታይም ማለቱም ትክክል ነው። የቀሩት ምክሮች ግን ተያይዘው አንባቢውን ወደ መቁረጥ ይነዱታል። «ተሠርታ ነው» የሚያሰኘው አፍንጫ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ብዙ የተወሰደበትና የቀረው ድጋፍ ያጣ አፍንጫ ነው። በየተራ እንየው። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1. «የወደዱትን አፍንጫ ፎቶ ይዘው ይሂዱ»

መያዙስ አይከፋም፤ ዓይንዎን ምን እንደሚስበው ሐኪሙ ይረዳበታል። ስሕተቱ ፎቶውን እንደ ልብስ ሰፊ ናሙና መቁጠር ነው። ልብስ ሰፊ ጨርቁን ከገበያ ይመርጣል። ቀዶ ሐኪም ግን ቆዳውንም፣ አጥንቱንም፣ ሐኪሞች ካርቲሌጅ የሚሉትን ልም አጥንትም ከታካሚው ፊት ላይ እንዳለ ተቀብሎ ነው የሚሠራው። ቆዳዋ ስስ የሆነ ሴት ጫፍ ቆዳው ወፍራም በሆነ ፊት ላይ አይወጣም፤ ማንም ይሥራው ማን።

ከዚህ የሚብሰው የራስን አፍንጫ በሰልፊ መመዘን ነው። ካሜራው ከፊት በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ሲሆን ለሌንሱ የቀረበው አፍንጫ ከቀረው ፊት በላይ ይገዝፋል። በ2018 የታተመ አንድ የሒሳብ ስሌት በዚህ ርቀት የተነሣ አፍንጫ በ1.5 ሜትር ከተነሣው ጋር ሲነጻጸር በ30 በመቶ ገደማ ሰፍቶ እንደሚታይ አሳይቷል። እናም «አፍንጫዬ ሰፊ ነው» የሚለው ቅሬታ ከፊሉ የስልኩ ሊሆን ይችላል።

ለዕቅድ የሚሆን ፎቶ ሌላ ሰው ከ1.5 ሜትር ርቀት፣ ካሜራውን በአፍንጫ ከፍታ ይዞ ያነሣዋል። ስድስት ያስፈልጋሉ፦ ከፊት፣ ከቀኝ ጎን፣ ከግራ ጎን፣ ወደ ቀኝና ወደ ግራ በግማሽ ዘወር ተብሎ፣ እና አንጋጠው ከሥር። ከጎን ሲነሡ የጆሮ ቀዳዳ የላይኛው ጠርዝና የዓይን ጉድጓድ የታችኛው ጠርዝ በአግድም መስመር ላይ መዋል አለባቸው፤ አገጭ ትንሽ ቀና ካለ ጫፉ ከእውነቱ በላይ የተነሣ ይመስላል። እኛ ሰባተኛ እንጨምራለን፦ ከጎን፣ እየሳቁ። በአንዳንድ ሰው ላይ ከላይኛው ከንፈር ወደ አፍንጫ የምትወጣ ትንሽ ጡንቻ በሣቅ ጊዜ ጫፉን ወደ ታች ትጎትተዋለች፤ ጸጥ ብሎ በተነሣ ፎቶ ላይ ብቻ የታቀደ አፍንጫ በሣቅ ጊዜ ይወድቃል።

ሐኪሙ በኮምፒውተር የሚያሳየውን «ወደፊት የሚመስለውን» ምስል እንደ መነጋገሪያ ይያዙት። ኮምፒውተር ላይ ቆዳ አያብጥም፣ ጠባሳም አይኮማተርም።

2. «ውበት ልኬት አለው»

ጽሑፉ የጠቀሳቸው ቁጥሮች ከመማሪያ መጻሕፍት የተወሰዱ ናቸው። በላይኛው ከንፈርና በአፍንጫው ሥር መካከል ያለው ማዕዘን ለሴት ከ95 እስከ 110 ዲግሪ፣ ለወንድ ከ90 እስከ 95፤ የክንፎቹ (የቀዳዳዎቹ የውጭ ግድግዳዎች) ስፋት ደግሞ በሁለቱ ዓይኖች የውስጥ ጥግ መካከል ካለው ርቀት ጋር እኩል። ያልተነገረው እነዚህ ልኬቶች በአመዛኙ ከአውሮፓውያን ዝርያ ፊቶች የወጡ መሆናቸው ነው። በ1993 በኒውዮርክ ይሠራ የነበረው ቀዶ ሐኪም ኦፎዲሌና ባልደረቦቹ የጥቁር አሜሪካውያንን አፍንጫ አጥንተው ቢያንስ በሦስት ወገን የሚከፈል ሆኖ አግኝተውታል፤ «የጥቁር ሰው አፍንጫ» ተብሎ በአንድ ልኬት የሚሠራ ነገር የለም ማለት ነው። የሐበሻም እንደዚያው ነው። ከአንድ እናትና አባት ከተወለዱ እኅትማማቾች አንዷ ሰልካካ፣ ሌላዋ ጎራዳ ስትሆን አይተን የምናውቀው ነው።

110 ዲግሪ ለረጅም ሴት ብዙ ነው፤ አጠር ያለ ሰው ቀና ብሎ ሲያያት ቀዳዳዎቿ ፊት ለፊት ይታያሉ። የላይኛው ከንፈር አጭር ከሆነም እንዲሁ። ትልቅ የሚመስል ጉብታ ደግሞ አንዳንዴ የዓይን ማታለያ ነው። በዓይኖች መካከል ያለው መነሻው ዝቅ ያለ አፍንጫ መሐሉ ጎልቶ ይታያል፤ መነሻው ላይ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ሲጨመር ጉብታው ሳይነካ ያንሳል። አገጭ ወደ ኋላ የገባ ከሆነም አፍንጫ ያለ ጥፋቱ ትልቅ ይባላል።

አንድ ምሳሌ ወረቀት ላይ እናስፍር። መነሻው ዝቅ ያለ፣ ጉብታ ያለው፣ ጫፉ የወደቀ፣ ቆዳው መካከለኛ ውፍረት ያለው፣ ክንፉ ሰፋ ያለ የሴት አፍንጫ ነው። «መነሻ፦ 1 ሚ.ሜ መጨመር። ጉብታ፦ 1.5 ሚ.ሜ ዝቅ። ጫፍ፦ 2 ሚ.ሜ ወደ ፊት፣ 5 ዲግሪ ወደ ላይ። ሴፕተም (ሁለቱን ቀዳዳዎች የሚለየው ግድግዳ)፦ ወደ ግራ የጎበጠውን ማቃናት። ክንፍ፦ በመጨረሻ ይታያል፤ በየጎኑ ከ2 ሚ.ሜ አይበልጥም።» የቁጥሮቹን ትንሽነት ልብ ይሏል። ሁለቱ ጭማሪ መሆናቸውንም እንዲሁ። ሐኪምዎ ይህን የመሰለ ወረቀት ሊያሳይዎ ካልቻለ ዕቅዱ ገና አልተሠራም።

ጽሑፉ ጨርሶ ያልነካው ነገርም አለ። በቀን ለሰዓታት መስታወት ፊት የሚቆም፣ ሌላ ሰው የማያየው ጉድለት ሥራና ማኅበራዊ ኑሮ ያስተወው፣ ወይም የመጣው እጮኛው ስላለው ብቻ የሆነ ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት የሥነ አእምሮ ባለሙያ ነው። ቢላዋ ያን ሕመም አብዛኛውን ጊዜ አያሽለውም፤ ሊያባብሰውም ይችላል።

3. «አፍንጫ በተቀነሰ ቁጥር ያምራል»

ሌሎቹን ምክሮች የወለደው ይህ ስለሆነ ረዘም አድርገን እንይዘዋለን።

የአፍንጫ የላይኛው ሲሶ አጥንት ነው። መካከለኛው ሲሶ ሁለቱን ቀዳዳዎች ከሚለየው ግድግዳ፣ ከሴፕተም፣ እንደ ጣራ ክዳን ግራና ቀኝ የተዘረጉ ሁለት ስስ ካርቲሌጆች ናቸው። ጫፉን የያዙት ደግሞ እንደ ፈረስ ጫማ የተቆለመሙ ሌሎች ሁለት ካርቲሌጆች ናቸው። ነገሩን በድንኳን ብንመስለው ሴፕተሙ ምሰሶ፣ ቆዳው ሸራ ነው። ምሰሶውን ያሳጠረ ሰው ሸራው አብሮ እንዲያጥር አይጠብቅ፤ ሸራው ይረግባል።

ሸራው ደግሞ ከሰው ሰው ይለያያል። ስስ ቆዳ እንደ ነጠላ ነው፤ ከሥሩ ያለውን ጠርዝ ሁሉ ያሳብቃል። ስለዚህ ቆዳው ስስ ለሆነ ሰው የሥራው ግማሽ ጠርዝ ማለስለስ ነው። ወፍራም ቆዳ እንደ ጋቢ ነው፤ የተቀረጸውን ይደብቃል። ጫፉ ላይ ወፍራምና ወዛም ቆዳ ያለው ሰው በእኛ ዘንድ ብዙ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ካርቲሌጁን መቀነስ ጫፉን አያቀጥነውም። ጋቢው ሥር ባዶ ቦታ ይፈጠራል፤ ባዶው ቦታ በደምና በጠባሳ ሥጋ ይሞላል፤ ከጫፉ በላይ ያለው ሥፍራ ያብጥና አፍንጫው ከጎን ሲታይ የበቀቀን መንቁር ይመስላል። ቀጭን እንዲሆን የተቆረጠው አፍንጫ ከበፊቱ ወፍሮ ያርፋል። መፍትሔው የተገላቢጦሽ ነው፦ ከሥር ጠንካራ ምሰሶ ተተክሎ፣ ጫፉ ወደ ፊት ተገፍቶ፣ ጋቢው እንዲወጠር ማድረግ።

የራስዎን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ጫፉ ላይ ያለውን ቆዳ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቆንጥጠው በአጥንቱና በካርቲሌጁ መገናኛ ላይ ካለው ቆዳ ጋር ያነጻጽሩት፤ እዚያ ከሁሉም ቦታ ይሳሳል። ከዚያ ጫፉን በአንድ ጣት ወደ ላይኛው ከንፈር ተጭነው ይልቀቁት። ወዲያው ተስፈንጥሮ ከተመለሰ ካርቲሌጁ ጠንካራ ነው። ጣትዎ ስፖንጅ ውስጥ እንደገባ ከሰመጠና ጫፉ ቀስ ብሎ ከተመለሰ ያ አፍንጫ የሚቀነስለት ሳይሆን ድጋፍ የሚጨመርለት ነው።

ወደ መካከለኛው ሲሶ እንመለስ። ካርቲሌጁ ከሴፕተሙ ጋር የሚፈጥረው ማዕዘን ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ብቻ ነው፤ በአፍንጫ ውስጥ አየር የሚያልፍበት እጅግ ጠባቡ በር እሱ ነው፤ የውስጥ ቫልቭ ይባላል። ትልቅ ጉብታ ሲቆረጥ ሁለቱን ካርቲሌጆች ያያያዘው ጣራ አብሮ ይሄዳል። ሐኪሙ መልሶ ካልገነባው ክዳኖቹ ወደ ውስጥ ይወድቃሉ። በሳምንቱ እብጠቱ ይደብቀዋል። ከወራት በኋላ ግን ፊት ለፊት ሲታይ ከአጥንቱ ጠርዝ በታች የተገለበጠ የ«ቪ» ፊደል የመሰለ ጥላ ይወጣል፤ ሰውየውም ደረጃ ሲወጣ አፍንጫው ይዘጋበታል። ለዚህ የሚሠራው ጥገና የታወቀ ነው፦ ርዝመቱ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር የሆነ የካርቲሌጅ ጠፍር በሴፕተሙና በክዳኑ መካከል፣ በግራም በቀኝም፣ ይሰፋል። አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ጃክ ሺን በ1984 ያሳተመው ነው። ጉብታዎ ሊነሣ ከሆነ «መካከለኛውን ሲሶ በምን ትደግፉታላችሁ?» ብለው ይጠይቁ፤ የመልሱ ግልጽነት ስለ ሐኪሙ ብዙ ይነግርዎታል።

ሌሎቹን ገደቦች ባጭሩ። ከሴፕተም ካርቲሌጅ ሲወሰድ ከላይና ከፊት ቢያንስ 10 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የ«ኤል» ቅርጽ መቅረት አለበት፤ ካነሰ ሸንተረሩ፣ ማለትም ከመነሻው እስከ ጫፉ የሚወርደው የአፍንጫ ጀርባ፣ እንደ ኮርቻ ይሰረጉዳል። ጫፉን ለማጥበብ የጫፍ ካርቲሌጁ የላይኛው ጠርዝ ሲከረከም ቢያንስ 6 ሚሊ ሜትር ይቀራል፤ ካነሰ ጫፉ በመቆንጠጫ የተያዘ ይመስላል፣ ክንፉም ወደ ላይ ይሸሻል። ጉብታ ተነሥቶ አጥንቶቹ ሳይጠጋጉ ከቀሩ ሸንተረሩ ጠፍጣፋ ሜዳ ይሆናል። ዛሬ የጫፍ ቅርጽ በአብዛኛው የሚወጣው በስፌት ነው፤ ስፌት ቢበላሽ ይፈታል፣ የተቆረጠ ግን አይቀጠልም።

ነገርን ነገር ያነሣዋልና፣ ጽሑፉ «ዘመናዊ» ብሎ ያቀረበው መንገድ የአያቶች መንገድ ነው። በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ በአሜሪካ እንዲህ እየተቀነሱ፣ ሸንተረራቸው ጎድጉዶ ጫፋቸው ወደ ላይ የተቆለመመ፣ ከአንድ ፋብሪካ የወጡ የሚመስሉ አፍንጫዎች ብዙ ተሠርተዋል። የዛሬው ሙያ ግማሽ ትምህርቱን የቀሰመው እነሱን ሲጠግን ነው።

4. «ሰፊ ቀዳዳ በ20 ደቂቃ ይጠባል»

ቁርጡ ራሱ ረጅም ጊዜ አይፈጅም። አደጋው ብቻውን መሠራቱ ላይ ነው። የክንፍ ስፋት በአብዛኛው የሚፈረደው ከሸንተረሩ ጋር ተነጻጽሮ ነው፤ ሸንተረሩ ዝቅ ያለ አፍንጫ ሥሩ ሰፊ ይመስላል። ሸንተረሩ ከፍ፣ ጫፉ ወደ ፊት ሲወጣ ክንፎቹ ራሳቸው ትንሽ ይሰበሰባሉ። ስለዚህ ጥንቁቅ ሐኪም ክንፉን የሚነካው ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሳይነካው ይተወዋል።

መቆረጥ ካለበት ሁለት ነገር ይለያል፦ ቀዳዳው ራሱ ሰፊ ነው ወይስ ክንፉ ወደ ውጭ የተነፋ ነው? ለመጀመሪያው የሚወሰደው ከቀዳዳው ወለል፣ ለሁለተኛው ከክንፉ ሥጋ ነው። በየጎኑ 2፣ ቢበዛ 3 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ከዚያ ያለፈ ክንፉን ከጉንጭ ጋር የሚያገናኘውን ተፈጥሯዊ ኩርባ ያጠፋዋል፤ ቀዳዳውም ይጠብና የተወሰደውን መመለስ እጅግ አስቸጋሪ ይሆናል። አፍንጫ ላይ ኬሎይድ (ከቁስሉ አልፎ የሚያብጥ ጠባሳ) የሚወጣው ከስንት አንዴ ነው፤ ሆኖም ጆሮዎ ሲበሳ፣ የክትባት ቦታዎ ወይም ደረትዎ ላይ ያበጠ ጠባሳ ካለ ሐኪሙ ሳይጠይቅ ይንገሩት።

5. «ለደፍጣጣ አፍንጫ ሲሊከን ይበቃል»

በምሥራቅ እስያ ሲሊከን ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲሠራበት ኖሯል፤ እጅ ያላቸውም አሉ። ግን ባዕድ ነገር ነው፤ ሰውነት በሽፋን ይከበዋል እንጂ አይዋሐደውም። ሊንሸራተት ይችላል፣ ከዓመታት በኋላም ሊያመረቅዝ ይችላል። ጫፉ ድረስ የሚደርሰው ዐይነት በቆዳው ላይ ቀን ከሌት ይጫናል፤ ቆዳው መጀመሪያ ይቀላል፣ ይሳሳል፣ መጨረሻ ላይ ይበሳል። ያኔ ሲሊከኑ መውጣት አለበት፤ የሚተወው ጠባሳም ቀጣዩን ሥራ ያከብደዋል። ጫፍ ላይ ባዕድ ነገር አይገባም የሚል ሕግ ቢወጣ ደስ ይለን ነበር።

የራስ ካርቲሌጅ ከሦስት ቦታ ይገኛል። የሴፕተሙ ቀጥና ጠፍጣፋ ስለሆነ ቀዳሚ ምርጫ ነው፤ ደፍጣጣ አፍንጫ ውስጥ ግን ብዙውን ጊዜ ትንሽና ስስ ነው። የጆሮው ለስላሳና ጎባጣ ነው፤ ጫፍ ያስተካክላል፣ ምሰሶ አይሆንም። ብዛትም ጥንካሬም ያለው የጎድን ካርቲሌጅ ነው፤ ከስድስተኛው ወይም ከሰባተኛው ጎድን በጥቂት ሳንቲ ሜትር ስንጥቅ ይወጣል፣ ለሴት ስንጥቁ ከጡት ሥር ይደበቃል። የእሱ ጠባይ መጣመም ነው። ስለዚህ ከመሐሉ ይቀረጻል፤ ተቀርጾም በጨው ውኃ ውስጥ ይቆያል፤ ሊጣመም ያለው ጠባዩን እዚያው ካሳየ አፍንጫ ውስጥ አይገባም። ደረት ለአንድ ሁለት ሳምንት ያምማል፤ የሳንባ ሽፋን የመበሳት አደጋ ትንሽ ቢሆንም አለ። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ካርቲሌጁ ወደ አጥንትነት እየተለወጠ ስለሚሄድ በአርባዎቹና ከዚያ በላይ ላለ ሰው አስቀድሞ መመርመር ይገባዋል።

ሸንተረር ለመሙላት ሌላ ጥሩ ዘዴ አለ። ካርቲሌጁ ልክ እንደ ክትፎ ከ1 ሚሊ ሜትር ባነሰ መጠን ይከተፍና ከጆሮ በላይ ካለው ጡንቻ በተወሰደ ስስ ሽፋን ይጠቀለላል። ጠርዝ የለውም፣ አይጣመምም፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናትም በጣት ሊስተካከል ይችላል።

6. «ያመነታ ሰው በፊለር ይሞክር»

አፍንጫ ሲመቱት ዓይን ያለቅሳል ይባላል። የደም ሥሩም እንደዚያው ነው። በሸንተረሩ ጎን የሚወርደው የደም ቧንቧ ዓይንን ከሚመግበው ጋር የተገናኘ ነው። መርፌው ቧንቧ ውስጥ ገብቶ ፊለሩ በግፊት ሲለቀቅ ወደ ኋላ ተገፍቶ ሬቲና ድረስ፣ ማለትም ብርሃን እስከሚቀበለው የዓይን የኋላ ሽፋን ድረስ፣ ሊደርስ ይችላል። ሬቲና ያለ ደም የሚቆየው ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ገደማ ነው፤ እንዲህ የጠፋ ብርሃን የሚመለሰው ከስንት አንዴ ነው። ፊለር ከሚወጋባቸው የፊት ክፍሎች አፍንጫ እጅግ አደገኛ ከሚባሉት አንዱ ነው። ቀደም ሲል ቀዶ የተደረገለት አፍንጫ ደግሞ የበለጠ፤ ጠባሳው የደም ሥሮቹን ከቦታቸው አዛውሯቸዋል።

ቀለል ባለው አደጋ የጫፉ ቆዳ ይሞታል። ምልክቱ በቀይ ሰው ላይ መንጣትና መረብ የመሰለ ብልዝ ነው። በጠይም ቆዳ ላይ መንጣቱ በቀላሉ ላይለይ ስለሚችል ቀለም ብቻ አይጠብቁ፦ ከመጠን ያለፈ ሕመም፣ ቆዳውን ተጭነው ሲለቁት ቀለሙ ከ3 ሰኮንድ በላይ ዘግይቶ መመለስ፣ መቀዝቀዝ። ሃያሉሮኒክ አሲድ የሆነውን ፊለር የሚያሟሟው መድኃኒት ሃያሉሮኒዴዝ ይባላል። ክፍሉ ውስጥ የሌለበት ቤት አፍንጫዎን እንዲወጋ አይፍቀዱ። የማይሟሟ ፈሳሽ ሲሊከን የሚወጋ ቤት ካጋጠመዎ ተነሥተው ይውጡ።

ደግሞስ ምን ተሞከረ? ፊለር መጨመር እንጂ መቀነስ አይችልም። ጉብታ ላይና ታች ተሞልቶ ሸንተረሩ ቀጥ ሊል ይችላል፤ ጫፉ ቢደገፍ ምን እንደሚመስል ግን አይነግርዎትም፤ ተደጋግሞ ሲወጋም አፍንጫውን ያሰፋዋል። ተወግተው ከነበረ ለቀዶ ሐኪሙ ስሙንና ቀኑን ይንገሩት፤ ከቀዶው ሳምንታት በፊት መሟሟት አለበት።

7. «አተነፋፈስ ሌላ ጉዳይ ነው»

አይደለም። አጥንቱን ማጥበብ መተላለፊያውን ማጥበብ ነው፤ ዳር ዳር ሲተነፍስ የነበረ አፍንጫ ከቀዶው በኋላ ይዘጋል። አንዱን ቀዳዳ ዘግተው በሌላው ይተንፍሱ፣ ከዚያ ያፈራርቁ። ከዚያ ጉንጭዎን በጣት ወደ ጎን ሳብ ያድርጉት፤ አየሩ በድንገት ከሰፋ ቫልቭዎ ጠባብ ሊሆን ይችላልና ለሐኪሙ ይንገሩት። ሴፕተም ጠማማ ከሆነ በዚያው ቀዶ ይቃናል፤ የሚወጣውም ካርቲሌጅ ለድጋፍ ይውላል። የአቧራ አለርጂ ካለ አስቀድሞ ይታከም። እንደ ኦትሪቪን ያለ ጠብታ ለሳምንታት ያለማቋረጥ የተጠቀመ ሰው አፍንጫው በጠብታው ምክንያት የሚያብጥ ስለሆነ ሳይተው ቢመረመር ምርመራው ያሳስታል።

8. «በሳምንቱ ይታያል፣ በ3 ወሩ ይስተካከላል»

በሳምንቱ የሚታየው እብጠት ነው። ስፕሊንቱ፣ ማለትም አፍንጫውን ከውጭ የሚይዘው ጠንካራ መደገፊያ፣ በ7 ቀን ገደማ ይነሣል፤ ከዓይን ሥር ያለው ብልዝ በ2 ሳምንት ይጠፋል፤ ሰው ፊት ለመውጣት ከ2 እስከ 3 ሳምንት ይበቃል። ሸንተረሩ ቀድሞ ይጠራል፣ ጫፉ መጨረሻ ነው። መካከለኛ ቆዳ 12 ወር፣ ጋቢ የመሰለው ከ18 እስከ 24 ወር ይፈልጋል። ሰርጓ ወር ሲቀረው አፍንጫዋን የምትሠራ ሙሽራ አልበሟ ላይ የምታስቀረው እብጠቷን ነው፤ ቢያንስ 6 ወር ይቅደም።

ስለዚህ «በ3 ወሩ ይስተካከላል» የሚለው ከስምንቱ ሁሉ የሚጎዳው ነው። ያልበሰለ ጠባሳ ውስጥ መቁረጥ ሌላ ጠባሳ መዝራት ነው። ለማስተካከያ ቢያንስ አንድ ዓመት ይጠበቃል። እስከዚያ ከጫፉ በላይ እብጠቱ ከበረታ ማታ ማታ በፕላስተር መያዝ፣ ካስፈለገም ትራያምሲኖሎን የሚባለውን እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት በጥቂቱ ከቆዳው ሥር መውጋት ይቻላል፤ መጠኑ ከበዛ ወይም ቆዳው ውስጥ ከተወጋ ግን ቆዳውን አሳስቶ ቀለሙን ይለውጣል። የማይጠብቀው አንድ ነገር ነው፦ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሁለቱም ቀዳዳ በአንዴ ተዘግቶ ሕመሙ ከበረታ ሴፕተሙ ላይ ደም ተጠራቅሞ ይሆናልና በዚያው ቀን መውጣት አለበት። ካደረ ካርቲሌጁን ይበላዋል።

ኢስታንቡል ሄዶ በአምስት ቀን መመለስ በዚህ ስሌት አይገጥምም። ከመብረርዎ በፊት ከ7 እስከ 10 ቀን እዚያው ይቆዩ፤ ስፕሊንቱን ያነሣው ራሱ የሠራው ሐኪም ይሁን። ቱርክ ውስጥ የውጭ ታካሚ የሚቀበል ተቋም ከጤና ሚኒስቴር የጤና ቱሪዝም ፈቃድ ሊኖረው ስለሚገባ ያንን ይጠይቁ፤ የሚሠራዎትንም ሐኪም ስም በጽሑፍ ይያዙ። በመልእክት ፎቶ ልኮ ሐኪሙን ለመጀመሪያ ጊዜ በቀዶው ጠዋት ማየት ዕቅድ አይባልም።

ከቀዶው በፊት ስለሚደረገው ጽሑፉ አንድም ቃል አልጻፈም። አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ደም ስለሚያቀጥኑ ከ7 እስከ 14 ቀን ቀደም ብለው ይቆማሉ፤ አስፕሪን ለልብ የታዘዘለት ሰው ግን ያዘዘለትን ሐኪም ሳይጠይቅ አያቁም። የዓሣ ዘይት፣ የቫይታሚን ኢ እና የነጭ ሽንኩርት እንክብሎችም ይቆማሉ። ሲጋራና ሺሻ 4 ሳምንት በፊት፣ 4 ሳምንት በኋላ፤ ኒኮቲን የቆዳውን ጥቃቅን የደም ሥሮች ያጠባል። ጫትም የደም ግፊትንና የልብ ምትን ስለሚጨምር መድማትን ሊያበዛ ይችላል፣ ከማደንዘዣውም ጋር አይስማማም፤ ለማደንዘዣ ባለሙያው ሳያፍሩ ይንገሩት። ቅባት የበዛበት ምግብ 8 ሰዓት፣ ቀለል ያለው 6 ሰዓት፣ ንጹሕ ውኃ 2 ሰዓት ቀደም ብሎ ይቆማል።

ከቀዶው በኋላ ለ2 ሳምንት አፍንጫ አይናፈጥም፤ ማስነጠስ በተከፈተ አፍ ነው። ራስን በሁለት ትራስ ከፍ አድርጎ መተኛት እብጠቱን ይቀንሳል። በበጋ የአዲስ አበባ አየር ደረቅ ነው፣ የዐረብ አገር አየር ማቀዝቀዣም እንዲሁ፤ ቅርፊት እንዳይጋገር ከፋርማሲ የሚገዛ 0.9 በመቶ የጨው ውኃ በቀን ጥቂት ጊዜ ይረጫል። ቅቤ አይቀባም፣ እጣንና የከሰል ጭስ ይራቃል። መነጽር ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሸንተረሩ ላይ አያርፍም። ሌላው አደጋ ከፍቅር ይመጣል፦ «እንኳን ማረሽ!» ብሎ ሦስቴ ጉንጭ የሚስም፣ በትከሻ የሚገጭ ዘመድ፣ አንገት ላይ የሚጠመጠም ሕፃን። ለ6 ሳምንት ሰላምታ ከሩቅ በእጅ ይሁን።

ከክሊኒኩ ሲወጡ ከመድኃኒቱ ጋር የቀዶውን ዘገባ ቅጂ ይጠይቁ። ዘገባው ካርቲሌጅ ከየት እንደተወሰደ፣ ከሴፕተሙ ስንት ሚሊ ሜትር እንደቀረ፣ ድጋፍ የት የት እንደገባ፣ ባዕድ ነገር ካለ ስሙንና ቁጥሩን ሊይዝ ይገባል። ከዓመታት በኋላ ማስተካከያ ቢያስፈልግ ሁለተኛው ሐኪም ያ ወረቀት ከሌለው ሴፕተሙ ውስጥ የሚቆረጥ ካርቲሌጅ ተርፎ እንደሆነ የሚያውቀው አፍንጫውን ከከፈተ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ለጎድን ካርቲሌጅ ደረትዎን አላዘጋጀም፣ እርስዎም አልፈረሙም።